የአያ አድማሴ መደብና የኤክስ ዕጣ

በ2009 ዓ.ም. ግንቦት ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ እርስ በርስ የሚፈላለጉ ሁለት ሰዎች ሳይተዋወቁ አንድ ባጃጅ ላይ ተሳፈሩ። ባጃጇ የእኔ ናት። ስሜ ሀብቱ ነው። የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ሁለት ጊዜ ተፈትኜ፣ ሁለቱንም ጊዜ ስላልተግባባን ተለያይተናል። ባጃጄ ግን ስም ያላት ናት፤ በጥር ወር የፈረሰኞች በዓል በከተማችን በቆሰበር ሜዳ ላይ ከአንድ ዳማ ፈረስ ጋር ተሽቀዳድማ በአንገት ቀድማዋለች። ባጃጅ ምን አንገት አላት የሚል ካለ መጥቶ ይያት።

መጀመሪያ የተሳፈረው መናኸሪያው ፊት ለፊት ቆሞ የነበረ መነጽራም ወጣት ነው። የአያ አድማሴን ቤት አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። የማላውቀው ቤት እንደሌለ፣ አንዳንዱንም ገና ሳይሠራ እንደማውቀው ነገርኩት። ወጣቱ መምህር ይሄይስ ይባላል፤ የዳንግላ ልጅ ነው፤ ቆሰበር መጥቶ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሒሳብ ሲያስተምር ሁለተኛ ዓመቱ ነው። በብብቱ አንድ የካርቶን ማኅደር ይዟል፤ ፊቱ ሌሊቱን ያልተኛ ሰው ፊት ነው። እኔ ደግሞ ሰው ሲጨነቅ ዝም ብሎ መንዳት አይሆንልኝም። ጠየቅኩት፤ ነገረኝ።

የአያ አድማሴ የልጅ ልጅ ቤዛዊት የክፍሉ ጎበዝ ናት። ሰኞ ብሔራዊ ፈተና ትቀመጣለች። ባለፈው ሳምንት በተሰጠው የሙከራ ፈተና ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ ነበረ፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን መምህሩ ወደ አማርኛ መልሶ ነገረኝ። በአንድ መጋዘን ያለው የገብስ ጆንያ የስንዴው እጥፍ ነው። ከሁለቱም አሥር አሥር ጆንያ ወጣ። የቀረው ገብስ ለቀረው ስንዴ ሰባት ለሦስት ሆነ። መጀመሪያ ስንት ስንት ጆንያ ነበረ?

ቤዛዊት ከቀረቡት መልሶች አንዱንም አልመረጠችም። ከጥያቄው ጎን በእርሳስ "ጥያቄው ተሳስቷል፤ ከሁለቱም እኩል ከተነሣ ውድሩ አይለወጥም" ብላ ጻፈች። ውድር የሚሉት ይህ ለዚያ ስንት ለስንት ነው የሚለውን ነው። ክፍሉ ሳቀባት። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሠርቶ ሲያሳያት ግን ገባት። ገብቷትም ደብተሯን ዘጋች።

"ይሄ ልክ ከሆነ፣" አለችው፣ "አያቴ ጎረቤታችንን እትዬ ደብሪቱን በቅርጫ ሥጋ ይህን ሁሉ ዓመት ሲበድሏቸው ኖረዋል ማለት ነው። እኔ አያቴን በዳይ የሚያደርግ መልስ አላጠቁርም።"

ማጥቆር ማለት በመልስ ወረቀቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ክብ በእርሳስ መሙላት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ በአልጀብራ የሚሠራ የውድር ጥያቄ ስታይ ገጹን ትገለብጠዋለች። መምህሩ የድሮ ፈተናዎችን አገላብጦ እንዲህ ያለ ጥያቄ በየዓመቱ አምስት ስድስት እንደሚመጣ ቆጥሯል። አምና የዚያው መንደር ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሳትገባ የቀረችው በሁለት ነጥብ ነው።

"ሽማግሌውን ላናግራቸው ነው፤" አለ፣ "እሳቸው ካልፈቀዱላት ልጅቷ አምስት ጥያቄ ባዶ ትታ ትወጣለች።"

ከከተማው ወጥተን ለከሰል የሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ ደን ሲጀምር፣ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጭቃውን በዱላ እየወጉ ሲሄዱ አየሁ። አያ አድማሴ ራሳቸው ነበሩ።

እዚህ ላይ የእኚህን ሰው ማንነት ካልነገርኩ ነገሩ አይገባም። በመንደራቸው በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ለመስቀል፣ ለፋሲካና ለሰኔ ጾም ቅበላ፣ አሥራ ሰባት ቤት ቅርጫ ገብቶ በሬ ያርዳል። አሥራ ሁለቱ ሙሉ መደብ፣ ማለትም ሙሉ ድርሻ፣ አምስቱ አቅም ያነሳቸው ግማሽ መደብ ይወስዳሉ። ሥጋው በኮባ ቅጠል ላይ ይደረደራል፤ ሙሉው ስምንት ኪሎ፣ ግማሹ አራት ኪሎ ግድም። ከዚያ ለእንግዳ፣ ለታመመና ለወለደች ሴት ተብሎ ከየመደቡ አንድ አንድ ኪሎ ይነሣል። በመጨረሻ ዕጣ ይጣላል። ይህን ሁሉ ለሠላሳ ዓመት ያደረጉት አያ አድማሴ ናቸው። ሚዛን አይነኩም። የቆሰበር ባለሱቆች ሚዛናቸውን የሚጠራጠሩ ጊዜ ኪሎ ስኳር ይዘው እሳቸው መዳፍ ላይ ያስቀምጣሉ፤ እሳቸው ካጉረመረሙ ሚዛኑ ይጠገናል። አንድ ጊዜ ዝንብ መደቡ ላይ አረፈችና "ከበደ" ብለዋል ይባላል። የዝንቧን አላየሁም፤ የቀረውን ግን አገር ያውቀዋል፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም ሰው መደቡ ላይ ቆሞ አጉረምርሞ አያውቅም።

ባጃጇን አቁሜ አሳፈርኳቸው። ከመምህሩ ጎን ተቀመጡ፤ ዱላቸውን በሁለት ጉልበታቸው መካከል ተከሉና ወጣቱን ተመለከቱት። ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። መምህሩ አፉን ሊከፍት ሲል ባጃጇን ጉድጓድ ውስጥ አገባኋት፤ ጥርሱ ተጋጨ።

"የዳንግላ በሬ ነጋዴ ነው፣ አያ፤" አልኳቸው።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ብጠየቅ በቂ መልስ የለኝም። ሆኖም እውነቱን ብናገር ኖሮ ዱላው ከጉልበታቸው መካከል ወጥቶ ጭንቅላት ላይ ይወርድ ነበር፤ ጭንቅላቱ ደግሞ መነጽር ያለበት ጭንቅላት ነው።

አያ አድማሴም ሳይጠየቁ ዘረገፉት። ጠዋት ማልደው ትምህርት ቤቱ ድረስ በእግራቸው ሄደው ነበር። ቅዳሜ መሆኑን ዘበኛው ነግሯቸው ሊመለሱ ነው። የልጅ ልጃቸውን ክፍል ሙሉ ሰው ያሳቀባትን አስተማሪ ፊት ለፊት ሊያገኙት ፈልገው ነበር። "መንግሥት ሱሪ ያስታጠቀው ጎረምሳ" አሉት፤ "ካልቾ የሚገባው" አሉት፤ በአገውኛም አንድ ነገር አሉት፤ እኔ ብተረጉመው ይህ ጽሑፍ ቤት ውስጥ አይነበብም። መምህር ይሄይስ አንገቱን ደፍቶ ማኅደሩን ያሻሻል። ጆሮው ብቻ ቀላ።

ወዲያው ዝናቡ መጣ። ባጃጇም ቆመች። እኔ ነኝ ያቆምኳት፤ ቁልፉን አዙሬ "እርጥበት ገባት" አልኩ። ሸራውን አወረድኩና ሦስታችንም ጉልበት ለጉልበት ተቀመጥን። በእግራችን ሥር ለአዲስ ቅዳም ከተማ ሰው የማደርሰው የዘር ድንች ጆንያ ነበረ።

መምህሩ በትሕትና ጠየቃቸው።

"አያ፣ ነጋዴ ነኝና የመደብ ነገር ደስ ይለኛል። ከሙሉውም ከግማሹም እኩል ነው የምታነሡት?"

"እኩል ነው እንጂ። ካለው ቤትም አንድ፣ ከሌለው ቤትም አንድ። ለማንም አላደላም። አባቴም እንዲህ ነበር የሚያደርግ። ይሄ ነው እንግዲህ ዛሬ ስህተት የተባለው።"

"ከተነሣ በኋላስ ሙሉው የግማሹ እጥፍ ሆኖ ይቀራል?"

"እጥፍ ነበረ፤ እኩል አነሣሁለት፤ ምን ያደርገዋል ብለህ ነው?"

መምህሩ አስፈቅዶኝ ከጆንያው ድንች አወጣ። ማኅደሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በአንድ በኩል ስምንት፣ በሌላው በኩል አራት ደረደረ። አያ አድማሴ እንደ ደንባቸው እንዲያነሡ ለመናቸው። ሽማግሌው ፈገግ ብለው፣ ልጅ እንደሚያጫውት ሰው፣ ከዚህ አንድ ከዚያ አንድ አነሡ። ሰባትና ሦስት ቀረ።

"አሁን የሦስት እጥፍ ስንት ነው፣ አያ?"

"ስድስት።"

"ሙሉው ላይ ያለውስ?"

"ሰባት።" ቀና አሉ። "ምን ታካብዳለህ፤ የአንዲት ድንች ነገር ነው።"

"አንዲቷ ድንች የማን ነበረች?"

ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል፤ አንድ የከሰል ካሚዮን ጭቃ እየረጨ አለፈ። አያ አድማሴ ድንቾቹን ወደነበሩበት መለሱና እንደገና አነሡ። እንደገናም ሰባትና ሦስት ሆነ። ሦስተኛ ጊዜ ሞከሩ፤ ድንች ደግሞ ግትር ነው፣ አይለመንም። በመጨረሻ ከወገባቸው ካራ አውጥተው አንዲቷን ድንች ለሁለት ቆረጡ። ከሙሉው መደብ አንድ፣ ከግማሹ መደብ ግማሽ አነሡ። ሰባትና ሦስት ተኩል። በጣታቸው ቆጠሩ፤ ሦስት ተኩልና ሦስት ተኩል፣ ሰባት።

ካራቸውን ሳይጠርጉ ያዙት።

ሆኖም አያ አድማሴ በአንድ ድንች የሚወድቁ ሰው አይደሉም። ጋቢያቸውን አስተካከሉና አዲስ ክርክር ከፈቱ።

"እሺ፣ ይሄን በዓይኔ አየሁ። ለማየት ግን ድንች በቃኝ። ልጅቷ ደብተር ሙሉ ኤክስ፣ ኤክስ እያለች ነው የምትጽፍ። ሁለት ጭረት አጣምረው ቁጥር ነው ይላሉ። ቁጥር ከሆነ ቁጥሩን አይጽፉም? ስሙን የደበቀ ሰው ቤቴ አላስገባም፤ ስሙን የደበቀ ቁጥር ምን ይሠራልኛል?"

ከዚህ ወዲያ መምህሩ የበሬ ነጋዴነቱን እየረሳው ሄደ። አሁን ስምንት ኪሎ መሆኑን አስቀድመን ስላወቅን ድንች እንደበቃን፣ ፈተናው ላይ ግን መጀመሪያ ስንት እንደነበረ ሳይነገር የቀረው ብቻ እንደሚነገር አስረዳቸው። የመጋዘኑን ጥያቄም ነገራቸው። አያ አድማሴ ስልሳና ሠላሳ ነው ብለው ገመቱ፤ አሥር አሥር ሲነሣ ሃምሳና ሃያ ሆነ፤ አምስት ለሁለት፤ አልሆነም። መቶና ሃምሳ አሉ፤ ዘጠናና አርባ ሆነ፤ እሱም አልሆነም። ዓይናቸውን ጨፍነው ሦስተኛውን ሲፈልጉ መምህሩ ሰዓቱን አሳያቸው።

"አራት ደቂቃ ሄደ፣ አያ። ለልጅቷ ለአንዱ ጥያቄ ከአንድ ደቂቃ ብዙም የሚበልጥ አይደርሳትም።"

"አንድ ደቂቃ ብሎ የሚያስቸኩል ፈራጅ ምን ዓይነት ፈራጅ ነው?"

"እሱስ ልክ ነው። ለዚህ ነው ኤክስ የመጣው። እርስዎ ግን ኤክስን ከእኔ በፊት ያውቁታል።"

"እኔ?"

"ዕጣ ሲጥሉ ሰዉ ምን ይሰጥዎታል?"

"አንዱ እንጨት፣ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ጠጠር።"

"እንጨቱ ሰው ነው?"

"አይደለም። የሰውየው ምትክ ነው።"

"የማን እንደሆነ ያዩታል?"

"ካየሁማ ምን ዕጣ አለው። ሳላይ ነው የምጥለው፤ መደቡ ላይ ካረፈ በኋላ የማን ነው ተብሎ ይጠራል።"

"ኤክስም ይኸው ነው። የቁጥሩ ዕጣ ነው። ቁጥሩ ማን እንደሆነ ገና አላወቅንም፤ ምትኩን እንጥልና ሥራችንን እንሥራ፤ በመጨረሻ ስሙ ይጠራል።"

አያ አድማሴ ዱላቸውን ለቀው ወደ ማኅደሩ ተጠጉ። እኔም ተጠጋሁ። ይህን ነገር በስምንተኛ ክፍል እንዲህ አድርጎ የነገረኝ ሰው ቢኖር ዛሬ ባጃጅ ሳይሆን አውሮፕላን ነበር የማቆመው።

መምህሩ የስንዴውን ክምር አንድ ዕጣ አለው። ገብሱ እጥፍ ስለሆነ ሁለት ዕጣ ሆነ። ከሁለቱም አሥር አሥር ሲወጣ ስንዴው ከአንድ ዕጣ አሥር የጎደለው፣ ገብሱ ከሁለት ዕጣ አሥር የጎደለው ሆነ። ቀጥሎ፣ ሰባት ለሦስት ማለት ምን ማለት እንደሆነ በድንቹ አሳያቸው፤ የቀረውን ገብስ ሦስት ጊዜ፣ የቀረውን ስንዴ ሰባት ጊዜ ብንወስድ ሁለቱ እኩል ይሆናሉ። ሦስት ጊዜ ሰባት ሃያ አንድ፣ ሰባት ጊዜ ሦስትም ሃያ አንድ።

"እንግዲህ፣" አለ፣ "ገብሱ ሦስት ጊዜ ሲወሰድ ስድስት ዕጣ፣ ሠላሳ ጎድሎት። ስንዴው ሰባት ጊዜ ሲወሰድ ሰባት ዕጣ፣ ሰባ ጎድሎት። እኩል ናቸው። አሁን በእርስዎ ደንብ እንሂድ፤ ለሁለቱም እኩል ሰባ ይጨምሩላቸው።"

ሽማግሌው በከንፈራቸው ቆጠሩ። "ይሄኛው ሰባት ዕጣ ይሆናል። ያኛው ስድስት ዕጣ፣ ላዩ ላይ አርባ።"

"ከሁለቱም እኩል ስድስት ዕጣ ያንሡ።"

"ከዚህ አንድ ዕጣ ቀረ። ከዚያ አርባ ቀረ።" ከዚያ ቀስ ብለው፣ ዕጣ ሲጠሩ በሚጠሩበት ድምፅ፣ "ዕጣው የአርባ ነው" አሉ።

ስንዴው አርባ፣ ገብሱ ሰማንያ ነበረ። አሥር አሥር ሲወጣ ሠላሳና ሰባ። ሰባት ለሦስት። አያ አድማሴ ሁለት ጊዜ ደግመው አረጋገጡት፤ ሁለተኛውን ጊዜ የሠሩት ብቻቸውን ነው፣ መምህሩ አፉን ሳይከፍት። ሰዓቱን አየሁ፤ ደቂቃም አልሞላም።

"አየህ አንተ፣" አሉ ወደ እኔ ዞረው፣ "እኩል ማንሣት ትክክል ነው። አላልኩም?"

መምህሩ እውነት ነው አላቸው። እኩል ከሆኑት ላይ እኩል ማንሣት ፍጹም ፍርድ እንደሆነ፣ አልጀብራ የሚባለው ትምህርት በሙሉ በዚያ ላይ እንደቆመ ነገራቸው። በአባታቸው ጊዜ ግማሽ መደብ የሚወስድ ሰው ይኖር እንደነበር ጠየቃቸው። አልነበረም። ያኔ መሬቱ ሰፊ ነበር፤ ሁሉም ሙሉ ነበር የሚወስደው። ግማሽ መደብ የመጣው መሬቱ ለልጅ ልጅ ሲሸነሸን ነው።

"ታዲያ አባትዎ አልተሳሳቱም፤" አለ መምህሩ። "ለእኩዮች የተሠራ ደንብ ነው። እኩል ላልሆኑት ግን እንደየድርሻቸው ነው የሚነሣው። ደንቡ ሳይለወጥ ዘመኑ ተለወጠ።"

አያ አድማሴ ወጣቱን ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ይሄን የመሰለ ጭንቅላት በሬ ሲነዳ ይኖራል፤" አሉ በሐዘን። "ያ አስተማሪ ተብዬ ግን ደመወዝ ይበላል።"

"አያ፣ ያ አስተማሪ ተብዬው እኔ ነኝ።"

ሽማግሌው ወጣቱን አዩ፤ ማኅደሩን አዩ፤ ድንቹን አዩ።

"በሬውስ?" አሉ።

"በሬ የለኝም።"

ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ። ዱላው የት እንዳረፈ አልናገርም፤ ሳምንት ሙሉ በአንድ ጎኔ ተቀምጬ መንዳቴን ብቻ እመሰክራለሁ። ባጃጇም ያኔውኑ ተነሣች፤ እርጥበቱ ከእኔ ወጣ መሰለኝ።

በመንገድ ላይ መምህሩ ቤዛዊት ያለችውን ሁሉ ነገራቸው፤ ለእሳቸው ስትል ባዶ ልትተወው እንደሆነም ሳይደብቅ። አያ አድማሴ ፊታቸውን ወደ ደኑ አዙረው ሰሙት። እሳቸው ዛሬ ማታ ቢነግሯትስ ብለው ጠየቁ። መምህሩ ራሱን ነቀነቀ።

"እኔን ለማሳለፍ ሲሉ ነው ትላለች። የእርስዎ ልጅ ናት፤ ግትር ናት።"

"እንግዲያ አልነግራትም፤" አሉ። "ነገ የሰኔ ጾም ቅበላ ቅርጫ አለን። እንግዳ ሆነህ ና።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሬው ታርዶ መደቡ ተደረደረ። አሥራ ሁለት ሙሉ፣ አምስት ግማሽ። ሰዉ በዙሪያው ቆሟል። ቤዛዊት ከአጥሩ ጥግ ላይ ሆና መምህሯን ስታየው ደነገጠች፤ አያቷ ከጎኑ ቆመው ሲያወሩ ስታይ ደግሞ ይበልጥ ደነገጠች። ለእንግዳና ለታመመ የሚነሣበት ሰዓት ደረሰ። አያ አድማሴ ከሙሉዎቹ መደቦች አንድ አንድ ኪሎ አነሡ። ግማሾቹ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ካራቸውን ዝቅ አድርገው በሌላ ጊዜ ከሚቆርጡት ግማሹን ብቻ ቆረጡ።

ሰዉ ተያየ። ሙሉ መደብ የሚወስደውና ከመንደሩ ሁሉ የተሻለ መሬት ያለው እንየው ድምፁን ከፍ አደረገ።

"አያ፣ ዓይንዎ ደከመ እንዴ? ከእኔ አንድ ኪሎ፣ ከእነሱ ግማሽ? አንድ ቅርጫ አይደለንም?"

"ነን። አንተ ከእነሱ እጥፍ ትበላለህ አይደል?"

"እጥፍ ስላዋጣሁ ነዋ።"

"ስትበላ እጥፍ ከሆንክ ስትሰጥም እጥፍ ሁን።"

እንየው አልተዋጠለትም። ሠላሳ ዓመት እንዲህ አልነበረም አለ። ሌሎችም አጉረመረሙ። ያን ጊዜ አያ አድማሴ ቤዛዊትን ጠሯት። ከምድጃ ፍሙ የከሰመ ከሰል ሰጧትና ከአጥሩ አንድ ጠፍጣፋ ሳንቃ አስደግፈው "የግማሹን መደብ ኤክስ በይው" አሏት።

ልጅቷ ከሰሉን ይዛ ቆመች። እጇ አልተነሣም። መምህሩን አላየችም፤ አያቷን ብቻ ነው ያየችው።

"አያቴ፣ መጨረሻው ምን እንደሚሆን ያውቁታል?"

"አውቀዋለሁ። ትናንት ዝናብ ውስጥ ጨርሼዋለሁ። ጻፊው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ እንጂ ቁጥሩ አይደለም።"

ጻፈች። መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ከዚያ ከሰሉ እስኪሰበር በፍጥነት። ኤክስ፣ ሁለት ኤክስ፣ ከሁለቱም አንድ ሲነሣ፣ ሰባት ለሦስት። የሳንቃው ታች ላይ አራት ወጣ፤ ግማሹ አራት፣ ሙሉው ስምንት። እሷ እየጻፈች አያቷ በሥጋው መደብ ላይ እያሳዩ ለሰዉ አስረዱ፤ በየቅርጫው ከእያንዳንዱ ግማሽ መደብ ግማሽ ኪሎ በማይገባ ሲነሣ ኖሯል። ከዚያ ራሳቸው ቆጠሩት። እትዬ ደብሪቱ ባላቸው ሞቶ ግማሽ መውሰድ ከጀመሩ አሥራ አራት ዓመት፤ በዓመት ሦስት ቅርጫ፤ አርባ ሁለት ጊዜ ግማሽ ኪሎ፤ ሃያ አንድ ኪሎ።

"ደብሪቱ፣" አሉ አያ አድማሴ፣ ካራቸውን ቅጠሉ ላይ አስቀምጠው፣ "ሃያ አንድ ኪሎ ሥጋሽን ሳላውቅ ለሌላ ሰጥቻለሁ። ይቅር በይኝ።"

እትዬ ደብሪቱ የእሳቸው እኩያ ናቸው፤ አንተ አንቺ ይባባላሉ። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አድርገው "እኔማ ወጡ ቶሎ ቶሎ የሚያልቅብኝ እጄ ለጋስ ሆኖ ይመስለኝ ነበር" አሉ። ሰዉ ሳቀ። እሳቸው ግን አላቆሙም። "አላውቅም ነበር ካልክ ይቅር ብያለሁ። ሌሎቹም ግማሾች ይቅር ይበሉህ።" አራቱም አሉ።

አያ አድማሴ ግን ይቅርታውን ብቻ ይዘው ሊሄዱ አልወደዱም። ከራሳቸው ሙሉ መደብ ላይ ግማሽ ኪሎ ቆርጠው እትዬ ደብሪቱ መደብ ላይ ጣሉ። በየቅርጫው እንዲሁ እንደሚያደርጉ፣ አርባ ሁለቱ እስኪሞላ እንደማያቋርጡ ሰው ሁሉ ፊት ተናገሩ። ሌሎቹ አራቱ ገና ግማሽ መውሰድ ከጀመሩ አንድ ዓመታቸው ስለሆነ የእነሱን በአንድ ቀን ጨረሱት፤ ከእሳቸው መደብም የቀረው ለአንድ ድስት አልሞላም።

"አርባ ሁለት ቅርጫ?" አሉ እትዬ ደብሪቱ። "አሥራ አራት ዓመት ነው። አንተ ዘንድሮ ሰባ አንድ ሞልተሃል።"

"ሰባ አንድና አሥራ አራት ሰማንያ አምስት ነው። ምን ቸገረኝ።"

ከዚያ ዕጣው ተጣለ። እንየው በስጨት እንዳለ እንጨቱን ሰጠ፤ ግን ሰጠ። በሁለተኛው ቅርጫ ላይ ከግማሾቹ ግማሽ እንዲነሣ ቀድሞ የተናገረው እሱ ራሱ ነው፤ ደንቡን እኔ ነኝ ያመጣሁት እያለ ዛሬ አዘና ገበያ ላይ ያወራል። ውሸታም በሰፈሩ እኔ ብቻ አይደለሁም።

ሰኞ ማለዳ ቤዛዊትን በባጃጄ ወሰድኳት። ስትወጣ ጠበቅኳት። የውድር ጥያቄ መጥቶ እንደሆነ ጠየቅኳት። አራት እንደመጣ፣ አንዱን በሠላሳ ሰከንድ እንደጨረሰችው፣ አራቱንም እንዳጠቆረች ነገረችኝ። ይህን ስትናገር አገጯ ከባጃጇ ጣራ በላይ ነበር። ውጤቱ የመጣ ቀን አያ አድማሴ ከቤታቸው እስከ ቆሰበር ድረስ በፈረስ ሄደው መምህር ይሄይስን አቅፈው ሳሙት። ልጅቷ ዛሬ ምሕንድስና ታጠናለች።

እኔም ከዚያ ክረምት በኋላ የማታ ትምህርት ተመዝግቤ ስምንተኛ ክፍልን አልፌአለሁ። አላምንም ለሚለኝ የምስክር ወረቀቱን ባጃጇ መስታወት ላይ ለጥፌዋለሁ። የመንደሩ ሴቶች ብቅሉን ከጌሾው ሲያመጣጥኑ በውድር ሆኗል፤ ገበሬው ሁለቱን ማዳበሪያ ሲቀላቅል ስንት ለስንት ብሎ ይጠይቃል፤ እሑድ እሑድ ደግሞ አያ አድማሴ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆችን በእንጨትና በጠጠር ኤክስ ያስተምራሉ። ድንች ይዞ የመጣ ልጅ ግን ይመለሳል፤ ድንች አይወዱም።

ባለፈው ፋሲካ ማግስት፣ በ2011፣ ሽማግሌው በጠና ታመሙ። ቄስ ተጠራ፤ ዘመድ ተሰበሰበ፤ እኔም ሄድኩ። እትዬ ደብሪቱ ከራስጌአቸው ተቀምጠው ነበር። አያ አድማሴ ዓይናቸውን ገልጠው ሁላችንንም አዩን፤ ለምን እንደተሰበሰብን ገባቸው።

"ስንት ከፍዬሻለሁ?" አሉ እትዬ ደብሪቱን።

"ስድስት።"

"ሠላሳ ስድስት ይቀረኛል ማለት ነው፤" አሉና ጋቢያቸውን ገፍተው ተነሥተው ተቀመጡ። "ቄሱን ወደ ቤታቸው ላኳቸው፤ ወጥ አምጡልኝ።"

በጰራቅሊጦስ፣ በሰኔው ጾም ቅበላ ቅርጫ ላይ፣ ሰባተኛውን ራሳቸው ቆርጠው ሰጡ። ልክ ግማሽ ኪሎ ነበር።